ለእናቴ የነገርኳት ቺካጎ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። አፍሬ አይደለም። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለው፣ በመስቀላቸው ዳብሰው እንዳይሸኙኝ ነው። እንዲያ በቀላሉ መፈታት አልፈልግም። እናንተ የመፍታት ሥልጣን የላችሁምና ስሙኝ።

ታናሽ እህቴ ሰናይት ቺካጎ የሚኖር ሰው አግብታ ሄደች። ጌታሁን ይባላል። አቃቂ ተወልዶ ያደገ፣ እናቴ ራሷ የመረጠችላት ባል ነው። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እናቴ ሄዳ እንድታርሳት ታስቦ ነበር፤ እግሯ አላራምድ ስላላት ግን ከምሠራበት የፈትል ፋብሪካ ፈቃድ ወስጄ እኔ ሄድኩ።

ጌታሁን እንዴት አድርጎ ተቀበለኝ! እረፍት ባገኘ ቁጥር በመኪናው ጭኖን ከተማውን ያዞረናል። የዳይኖሰር አጽም ያለበት ሙዚየም ወሰደን፤ አጽሙ ብቻውን የእኛን ቤት ያክላል። የጥንት ግብጾችን ሬሳ እንደተጠቀለለ አየሁ። መናፈሻው መሃል እንደ ባቄላ ፍሬ የተሠራ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ትልቅ ብረት አለ፤ ሥሩ ቆመን ፎቶ ተነሳን። ሰማይ ጠቀሱ ፎቅ ላይ ወጥተን ወለሉ መስታወት የሆነ ሳጥን ውስጥ አቆመኝና «እስቲ እዪ፣ አቃቂ ትታይሻለች?» ብሎ አሳቀኝ። ሰናይት ልጇን አቅፋ ከኋላ ከኋላችን ትከተላለች። የአራስ ድካም መሰለኝ።

ከዚያ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ሙዚየም ሄድን። ጌታሁን ስልክ ተደወለለትና ወጣ አለ። ይሄን ጊዜ ሰናይት ተጠጋችኝ፣ የሹራቧን እጅጌም ወደ ላይ ሰበሰበች። ክንዷ በልዟል። የጣቶቹ ምልክት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«በየሳምንቱ ነው» አለችኝ። «ስደውል አጠገቤ ስለሚቀመጥ ለእማዬ መናገር አልቻልኩም። አንቺ ንገሪልኝ። ‹ልጅሽን ይዘሽ ነይ› ትበለኝ። እሷ ካለችኝ በማግስቱ እነሳለሁ። ሳትለኝ ግን እሷ የሰጠችኝን ትዳር ጥዬ ደጇ ላይ አልቆምም።»

«ዓሣውን አየሽው?» አልኳት።

አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው። ከመስታወቱ ወዲያ አንድ ትልቅ ነጭ ዓሣ ያልፍ ነበር። እህቴ ክንዷን ገልጣ ቆማ እኔ ዓሣ አየሁ። አልሰማሁም ልበል? ሰምቻለሁ። አልገባኝም ልበል? በደንብ ገብቶኛል። ግን ጌታሁን የዚያን ሰሞን «አንቺንም አመጣሻለሁ፣ የቪዛሽን ፕሮሰስ እጀምርልሻለሁ» ብሎኝ ነበር። ሰናይት እጅጌዋን ቀስ ብላ አወረደች። ደግማም አልጠየቀችኝ።

አቃቂ ስመለስ ቤታችን በጠያቂ ሞላ። የጎረቤታችን ባለሱቅ ጋሽ ሸምሱ እንኳ ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። አጽሙን፣ ሬሳውን፣ የመስታወቱን ወለል እያጣፈጥኩ አወራሁላቸው። እናቴ አላስችል አላት።

«እሱስ ይሁን፤ ልጄ እንዴት ናት?»

«ምን ጎድሏት እማዬ! በየሳምንቱ ሙዚየም ነው» አልኳት።

በየሳምንቱ። ቃሉን እንኳ ከሰናይት አፍ ነው የወሰድኩት።

ሰናይት ስትደውል እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ «እህትሽ ሁሉንም ነግራኛለች። እንዲህ አድርጎ የሚያኖርሽን ሰው አክብሪው፣ ልጄ» አለቻት። እኔ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ከወዲያ በኩል «እሺ፣ እማዬ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስልኩን ነጥቄ መናገር እችል ነበር። አልነጠቅኩም።

እህቴ እዚያ ቤት ዓመታት ቆየች። በመጨረሻ ጩኸቷን የሰማ ጎረቤት ፖሊስ ጠርቶ አስወጣት። ግራ ጆሮዋ ዛሬም አይሰማም። እናቴ ይህን ሳታውቅ ሞተች። እስክትሞት ድረስ ለመጣው ሁሉ ልጇ ስለምትጎበኛቸው ሙዚየሞች ታወራ ነበር፤ ስታሳስት እኔ አርማት ነበር። ቪዛውም አልመጣም። ቢመጣስ? እሄድ ነበር። ከዚያው ሰው ቤት አርፍ ነበር።

ባቡሩ ቃሊቲ ድረስ መግባት በጀመረ ሰሞን ሰናይት ልጇን ይዛ መጣች። ጎረቤቱ እናታችን እስክትሞት ስለ ሙዚየሞቹ ብቻ ታወራ እንደነበር አጫወታት። ሁለታችን ብቻ ስንቀር ደህናውን ጆሮዋን ወደ እኔ አዙራ ጠየቀችኝ።

«ያልነገርሻት ፈርተሽ ነው አይደል? እማዬ ደንግጣ እንዳትታመም ፈርተሽ ነው።»

«አዎ» አልኳት።

አቀፈችኝ። «ይቅር ብዬሻለሁ» አለችኝና ተላቀስን። ዘመድ ጎረቤቱ ፍቅራችንን አይቶ መረቀን። እኔም ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልኩ። ከዓሣው ቀን ይልቅ ያቺ «አዎ» ትከብደኛለች።

ሰናይት፣ እኔ አልፈራሁም። የእማዬ ጤና ትዝም አላለኝ። ያቺ ከተማ አማረችኝ፣ አንቺን ሰጥቼ ልገባባት ተስማማሁ። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ታላቅሽ ነኝ። ድህነት ነው አልልም፤ አብረን ነው ያደግነው። አንቺ ይቅር ያልሻት የፈራች እህትሽን ነው። እንዲህ ያለች እህት የለሽም፤ ያለሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ያንን ይቅርታ መልሼልሻለሁ። ለእኔ የሚሆን ካለሽ፣ አውቀሽኝ ስጪኝ። ከሌለሽም አልለምንሽም።