በሴት ልጅ በኩል መቁጠር

ዘር በመቁጠር ሰው አይስተካከለኝም። ጉራ ይመስላል፤ ይምሰል። አባቴ ጎጃም ውስጥ በርስት ክርክር ስሙ የታወቀ ቆጣሪ ነበር። በዚያ ዘመን መሬት የሚጠይቅ ሰው አገሩን ካቀናው የመጀመሪያ አባት ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ ትውልዱን ሳያዛንፍ መቁጠር ነበረበት፤ አንድ ስም ከዘለለ ይሸነፋል። እኔም ፊደል ሳልቆጥር ዐሥራ አንድ አባት ቆጥሬያለሁ። ሲያትል መጥቼ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል መንገደኛ ሳመላልስ ግን ይህ እውቀት ለምንም አልጠቀመኝም፣ ጎረቤቴን እስካውቅ ድረስ።

ስካይዌይ በሚባለው ሰፈር ከሚገኘው ቤታችን አጥር ማዶ አንድ አውስትራሊያ የተወለዱ ሽማግሌ ነበሩ። የአውሮፕላን መካኒክ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ልጅም ያልወለዱ ሰው ናቸው። እንግሊዝኛ አንቱታ ባይኖረውም እኔ በልቤ አንቱ እላቸው ነበር፤ እዚህም እንደዚያው እጽፋለሁ።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥር ገደማ ዓይናቸው ደክሞ መኪና መንዳት ሲያቆሙ ወደ ክሊኒክ የማመላልሳቸው እኔ ሆንኩ። እዚያ በሚሞላው ፎርም ላይ የቅርብ ዘመድ ስም የሚጻፍበት መስመር አለ። እሳቸው የእኔን ስምና ስልክ ይጽፉና ዝምድና በሚለው ቦታ «ጎረቤት» ይላሉ። አንድ ቀን እስክሪብቶውን ይዘው ብዙ ቆዩ።

«ከእኔ ደም በዓለም ላይ አንድ ሰው እንኳ ካለ፣ ሳልሞት ባውቀው ደስ ይለኛል» አሉኝ።

ለካ ለዓመታት ሲፈልጉ ኖረዋል። ቅድመ አያታቸው ከእንግሊዝ በመርከብ ሄዶ አውስትራሊያ ውስጥ ሰፊ መሬት የያዘ፣ ስንዴ የዘራ፣ በግ ያረባ ሰፋሪ ነው። ስለ እሱና ስለ ልጆቹ ያገኙትን ወረቀት ሁሉ በሁለት ካርቶን ሞልተውታል። ወንዶቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ከፊሉ በጦርነት፣ ከፊሉ በበሽታ፣ ከፊሉም ሳይወልድ አልቀዋል። እርሻው ለባዕድ ተሽጧል።

«ዘሩ በእኔ ያበቃል» አሉኝ።

«ካርቶኖቹን ያምጧቸው» አልኳቸው።

ሚስቴ ከሥራ ስትመለስ ጠረጴዛችን በወረቀት ተሸፍኖ አገኘችው። «ሶ አሁን ደግሞ የአውስትራሊያ ርስት ልታስመልስ ነው? ቤዝመንቱን ክሊን አድርግ ካልኩህ ወር አልፎታል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ምድር ቤቱ ግን ዘመድ አልጠፋበትም።

ጉራዬ ቶሎ ተነፈሰ። የሰፋሪውን አባት ላገኝ ብዬ የሰፋሪውን ሁለተኛ ስም ያዝኩና፣ በዚያ ስም የተጠመቀ ሰው በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ውስጥ ዐሥር ቀን ሙሉ ፈለግኩ። የለም። ሽማግሌው የማደርገው ሲገባቸው ሳል እስኪይዛቸው ሳቁብኝ።

«እሱ እኮ የአባቱ ስም አይደለም። የቤተሰብ ስም ነው። አባትም ልጅም የልጅ ልጅም የሚጠሩት በእሱ ነው።»

«ሴቶቹስ?»

«ሴቶቹ ሲያገቡ ይተዉታል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የሌላ ቤተሰብ ናቸው። እኔም እነሱን አልተከተልኩም።»

ንዴቴ መጣ። ይህን ሁሉ ዓመት ሲፈልጉ ኖረው ግማሹን ሰው በር ላይ ትተውታል። አባቴ «ሴት የዘለለ ቆጣሪ ግማሽ አገር ጥሎ ይሄዳል» ይል ነበር። በእኛ ዘንድ ርስት በወንዱም በሴቷም ይወርዳል፤ ሴቷም ብታገባ የአባቷን ስም ይዛ ትሞታለች።

«ሰፋሪው ስንት ሴት ልጅ ነበረው?» አልኳቸው።

ሦስት ነበሩ። ሁለቱ ሳይወልዱ ሞተዋል። ስለ ሦስተኛዋ ስጠይቃቸው ቤታቸው ሄደው የቤተሰቡን አሮጌ መጽሐፍ ቅዱስ አመጡ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሰፋሪው ልጆች ስም በተራ ተጽፏል፤ አንዱ በወፍራም ቀለም ተሰርዟል።

«እሷ ይህቺ መሆን አለባት። ልጅ ሆኜ ስጠይቅ ‘ዝም በል’ ነበር የምባለው።»

ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣሁት። የመጀመሪያው ብዕር ወረቀቱን ተጭኖት ስለነበር ስሟ በጀርባው በኩል ተነበበልኝ። በሕይወቴ ብዙ ነገር አግኝቼ ደስ ብሎኝ ያውቃል፤ እንደዚያ ቀን ግን አልተደሰትኩም።

እርሻው አጠገብ ወዳለችው ትንሽ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ስሟን ጽፈን ላክን። መልሱ ሦስት ወር ፈጀ። ልጅቷ ያገባችው የአባቷን ከብት ይጠብቅ የነበረ ጥቁር ሰው ነው፤ ሰፋሪው ከመምጣቱ በፊት በዚያ መሬት ላይ ይኖር ከነበረው ሕዝብ የተወለደ። ለቤተሰቧ ይህ ከሞት የከፋ ነበር። ሰባት ልጅ ወልዳለች። የልጅ ልጇ እዚያው ከተማ ውስጥ አለች፤ እንድንደውል ፈቅዳ የስልክ ቁጥሯ ተልኮልናል።

እዚህ ላይ እኔም አፈርኩ። አባቴ የርስት ክርክር ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከአቅኚው በፊት ማን ነበረበት?» ብሎ ነው። እኔ የአባቴ ልጅ ነኝ ባዩ ሰፋሪውን እንደ አቅኚ እየቆጠርኩ ስከርም አንድ ቀን እንኳ ይህን አልጠየቅኩም።

ሽማግሌው ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ አልደወሉም። ሄጄ ስጠይቃቸው መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጠው ከተሰረዘው ስም ጎን የተጻፉትን ሁለት ፊደላት አሳዩኝ።

«የአያቴ ፊርማ ነው። እኅቱን የሰረዛት እሱ ነው። ምን ብዬ ልደውል? ስልኩን ብትዘጋብኝስ?»

«ከዘጋችብዎ ‘አንዲት ዘመድ አለችኝ፣ ተቆጥታብኛለች’ ይላሉ። ከምንም ይሻላል» አልኳቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እዚያ እሑድ ጠዋት ሲሆን፣ ከእኛ ቤት ደወልን። የስልኩን ድምፅ ለሁላችንም ከፈትኩት። ያነሣችው ድምፀ ወፍራም አሮጊት ናት። ሽማግሌው ስማቸውን ነገሯት።

«ስምህን አልጠየቅኩህም። የማን ልጅ ነህ?» አለች።

ይህን ጥያቄ እኔ በእንግሊዝኛ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው አዩኝ። ጣቶቼን አንሥቼ «ይቁጠሩ» አልኳቸው። አባታቸውን ጠሩ፣ አያታቸውን ጠሩ፣ ሰፋሪውን ጠሩ። ከወዲያ በኩል በለሆሳስ ስትቆጥር ተሰማን።

«የአያቴ ወንድም የልጅ ልጅ ነሃ» አለች በመጨረሻ።

«እሱ ነው የሰረዛት። አያቴ ነው» አሉ ሽማግሌው።

«እናውቃለን። ይህን ልትነግረኝ ነው የደወልከው?»

«አይደለም። ዘመድ ፈልጌ ነው።»

«እሷ እኮ የወንድሞቿን ስም በተራ እያስጠራች ነው ያሳደገችን። ያንተን አያትም ጭምር። አንድ ቀን የሚጠይቅ ሰው ይመጣል ትለን ነበር። እኛ እዚሁ ነን፤ የትም አልሄድንም። አንተ ነህ የዘገየኸው።»

ሽማግሌው አለቀሱ። ሚስቴም አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ አባቴን እያሰብኩ ነበር። እሱ በዳኝነት ቢቀመጥ ኖሮ ለዚያች ሴት በሁለት በኩል ይፈርድላት ነበር፤ በሰፋሪውም በኩል፣ ሰፋሪው መሬቱ ላይ ባገኛቸው ሰዎችም በኩል። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ይባል የለ።

በሚቀጥለው ወር ክሊኒክ ስወስዳቸው ያው ፎርም መጣ። የሴትየዋን ስልክ ከኪሳቸው አወጡ።

«ዝምድና ይላል። እኔና እሷ ምንድን ነን?»

«ሦስት ቤት ላይ ትገናኛላችሁ። በእኛ አገር እኅት ነው የሚባለው።»

«እኅት» ብለው ጻፉ። ከዚያ ከድሮው መዝገብ ተወስዶ ፎርሙ ላይ የታተመውን የእኔን ስም ሊሰርዙ እስክሪብቶውን አስጠጉ። እጃቸውን ያዝኳቸው።

«ከበላዬ ይጻፏት። በዚህ ቤተሰብ ስም መሰረዝ ይብቃ።»