የዳዊት እናት

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሴቻ ሠፈር ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ምስር ስለቅም፣ ታብሌት የያዘች ልጅ በሩን አንኳኳች። ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰች ዓመት እንኳ ያልሞላት ትመስላለች። ዳገቱን በእግሯ ስለወጣች ትንፋሿ ይቆራረጣል።

«ማዘር፣ ጥቂት ጥያቄ ነበረኝ። ስለ ወሊድ ነው።»

«ልጄ፣ እኔ እንኳ ከወሊድ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ» አልኳት። ሳቀች። በዕድሜ የገፉ እናቶችም እንደሚጠየቁ ነገረችኝና ወንበር ስቤላት ተቀመጠች። የዓለም ሕዝብ ስምንት ቢሊዮን ማለፉን፣ የአገራችን ሴቶች ደግሞ እንደ ድሮው እንደማይወልዱ በራዲዮ ስሰማ ከርሜያለሁ። ቁጥሩን የሚሰበስቡት እንዲህ ጫማቸው አቧራ የጠጣ ልጆች መሆናቸውን የሚያስታውስ ግን የለም። እኔ አስታውሳለሁ፤ ምክንያት አለኝ።

«ስንት ልጅ ወልደዋል?»

«አራት።»

«በሕይወት ያሉት ስንት ናቸው?»

ሦስቱን አውቃለሁ። አንዷ ሐዋሳ ናት፣ አንዱ ጂንካ ያስተምራል፣ የመጨረሻዋ እዚሁ አብራኝ አለች። የበኩር ልጄ ናታን ግን ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው። ከሞያሌ ማዶ ሆኖ አንዴ ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።

«ቆይ፣ ሻይ ላምጣልሽ» ብያት ወደ ጓዳ ገባሁ። ልጅቷ ሻይ አልጠየቀችኝም። እኔ ነኝ የሸሸሁት። ውሃው እስኪፈላ ድረስ ምድጃው አጠገብ ቆሜ፣ ያቺን የካምባ ሴት አሰብኳት።

እኔም በጊዜዬ ጠያቂ ነበርኩ። የላንቴ ልጅ ነኝ፤ ሙዝ መሀል ነው ያደግሁት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት ስጠብቅ፣ ለሕዝብ ጥናት ጋሞኛ የምትናገርና ጽሕፈቷ የሚነበብ ልጅ ይፈለጋል ተባለና ተቀጠርኩ። ሦስት ቀን አሠለጠኑን። አሠልጣኛችን የዓለምን ሕዝብ የሚያሳይ መስመር በጠመኔ ሲስል፣ መስመሩ ለብዙ ዘመን መሬት ለመሬት ሄዶ ሄዶ በመጨረሻ ሽቅብ ተተኮሰ። ሰሌዳው አልበቃው ሲል ግድግዳው ላይ ቀጠለበት። እኛም ያንን መስመር የምናቆመው ይመስል ደረታችንን ነፍተን ወጣን።

ነሐሴ እያለቀ ነበር። ከቆላው ሙቀት በጭነት መኪና ተሳፍረን ካምባ ስንደርስ ጉሙ ፊታችንን አራሰው። እኔ ስስ ሹራብ ብቻ ነበር የያዝኩት፤ የቆላ ልጅ ብርድን በወሬ ነው የምታውቀው። ከካምባ በላይ ያሉት መንደሮች በእግር የሚገቡ ናቸው። ቀርከሃ፣ ገብስ፣ ከየቤቱ ጓሮ እንሰት። በየቤቱ ትኩስ ድንች ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር ያቀርቡልኛል፤ በዝንጅብልና በቃሪያ የፈላ የቡና ቅጠል ይቀዱልኛል። ያ የቡና ቅጠል ጉሮሮ ሲያቃጥል የነበረው ስሜት እስካሁን አፌ ላይ አለ።

አለቃችን አቶ ግርማ የሚባል፣ ካምባ ከተማ ተቀምጦ ቅጾቻችንን የሚያርም ሰው ነበር። ከሌሎቹ ጠያቂዎች ቅጽ ውስጥ በየቀኑ ስህተት ያገኛል፣ ከእኔ ግን አላገኘም። በዚህ እንዴት እንደምኮራ አልነግራችሁም። የሚናገረኝ ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ አንገቴ ቀና ከማለቱ የተነሣ መንገዱን ማየት አቅቶኝ ነበር።

አንድ ቀን ከአንዲት ሴት ጓሮ ደረስኩ። መስቀል ስለቀረበ የሠፈሩ ሴቶች ለቆጮ እንሰት ሊፍቁላት በደቦ ተሰብስበዋል። እሷን ከዳር አስቀምጬ ጠየቅኋት፤ በጋሞኛ ነው የምንነጋገረው። ስንት ወልደዋል? አራት። አስቴር፣ ማርቆስ፣ ደስታ፣ ብርቱካን። የሞተ አለ? የለም። ሌላ ቦታ የሚኖር? የለም። ጻፍኩ። ደስ የሚል፣ ንጹሕ ቅጽ።

ልነሣ ስል ከፋቂዎቹ አንዷ «የዳዊት እናት! ቢላዋውን አቀብይን!» ብላ ተጣራች። እሷም «አቤት!» ብላ ተነሣች።

በእኛ አገር እናት በበኩር ልጇ ስም ነው የምትጠራው። ከተማ ያደገ ጠያቂ ቢሆን ሰምቶ ያልፈው ነበር። እኔ ግን የአገሬው ልጅ ነኝ፤ ወዲያው ቅጼን ገለጥኩ። ዳዊት የሚባል የለም። ስህተት አገኘሁ! ከደስታዬ ብዛት፣ ሁሉም በሚሰማበት ድምፅ «ዳዊት የሚባለውን አልነገሩኝም እኮ! እሱ ሞቷል ወይስ አለ?» አልኳት።

መፋቂያዎቹ ሁሉ ባንዴ ቆሙ።

ከመካከላቸው አንዲት አሮጊት ቀና ብለው፣ «አንቺ ልጅ፣ አገርሽ የት ነው?» አሉኝ።

«ላንቴ።»

«ላንቴ ከሙዝ ሌላ ሰው አያበቅልም?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የዳዊት እናት ግን ክንዴን ይዛ ወደ ቤት አስገባችኝና በሩን ገርበብ አደረገች። ዳዊት የመጀመሪያ ልጇ ነው። በአሥር ዓመቱ አጎቱ ሽመና ላስተምረው ብሎ አዲስ አበባ ወሰደው። በመስቀል፣ ሸማኔው ሁሉ ወደ አገሩ ሲገባ፣ አጎትየው ብቻውን መጣ። «ጠፍቶብኛል፣ ሌላ ሰው ጋ ሳይገባ አይቀርም» አለ። ከዚያ ወዲህ ስምንት መስቀል አልፏል። በየዓመቱ ከካምባ የሚመጣው መንገድ ዳር ቆማ ትጠብቃለች። ሠፈሩም አንድ ቀን እንኳ «የአስቴር እናት» ብሎ ጠርቷት አያውቅም። ስሙን ቢለውጡባት ልጇን እንደ መቅበር ስለሚሆን ነው።

«ሞተ ብዬ እንዳልነግርሽ ሲሞት አላየሁም። አለ ብዬ እንዳልነግርሽ የት አለ ትይኛለሽ። ስለዚህ ተውኩት» አለችኝ። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። «እዚያ ወረቀት ላይ ምን ትጽፊያለሽ?»

«አለ ብዬ እጽፋለሁ» አልኳት። «ሌላ ቦታ የሚኖር» በሚለው ሥር፣ ዓይኗ እያየ በእርሳስ ጻፍኩት። ማንበብ አትችልም፤ ግን ጣቷን ጽሑፉ ላይ አድርጋ ጥቂት ቆየች።

ማታ ካምባ ስገባ አቶ ግርማ ቅጹን አየ። «የት ነው የሚኖረው?» አለኝ። ነገርኩት። «ስምንት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ሞቷል በይው።» እምቢ አልኩ፤ ቃል ገብቼላታለሁ አልኩት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም በርኅራኄ ነው ያስረዳኝ። «ስሚኝ፣ እኛ የምንፈልገው የወሊዱን ቁጥር ነው። ለወሊዱ ቁጥር ለውጥ የለውም። ሞተም ኖረም ተወልዷል።» ላጲሱን ወደ እኔ ገፋው።

ስህተት የሌለባት ልጅ ነበርኩ፤ እንደዚያው መቅረት ፈለግሁ። አጠፋሁት። «የሞተ» በሚለው ሥር አንድ ብዬ ጻፍኩ። ያቺ አንድ ከሌሎች ጋር ተደምራ አዲስ አበባ ሄደች፤ ከዚያም የዓለምን ሕዝብ የሚቆጥሩ ሰዎች ዘንድ ደርሳ ይሆናል። በማግስቱ ወደ ሌላ መንደር ወረድን። ዳዊት ይመለስ አይመለስ ሳላውቅ አርባ ዓመት ሆነኝ። ራዲዮው «አንዲት ሴት በአማካይ ይህን ያህል ነጥብ ይህን ያህል ልጅ ትወልዳለች» ባለ ቁጥር ከነጥቧ ወዲያ ያለችውን ቁራሽ ቁጥር ስሰማ፣ ያ ያጠፋሁት ልጅ ይመስለኛል። አፍሬበታለሁ። አሁንም አፍርበታለሁ።

ውሃው ገንፍሎ እሳቱን ሊያጠፋው ሲል ነቃሁ። ሻዩን ይዤ ወጣሁ። ልጅቷ ታብሌቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች።

«ማዘር፣ ይቅርታ፣ ባዶ ከተውኩት ወደሚቀጥለው አያሳልፈኝም።»

«አውቃለሁ። የእኛም አያሳልፍም ነበር።» ስለ ናታን ነገርኳት። የሞያሌውን፣ የስልኩን፣ ስድስቱን ዓመት። ጣቷ መስታወቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«ለወሊዱ ቁጥር ለውጥ የለውም፣ አይደል?» አልኳት።

«የለውም» አለች፣ እንዴት እንዳወቅሁ ገርሟት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ምን ልበል፣ እናቴ?» አለችኝ።

አርባ ዓመት ሙሉ ማንም እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ አልሰማሁም። እኔም ያን ማታ ወደ ዳዊት እናት ተመልሼ ሄጄ አልጠየቅኋትም። መልሱ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ሳለ፣ ጎረቤቴ አጥሩ ማዶ ሆና፣ እንደ ሁልጊዜዋ ጮክ ብላ ተጣራች።

«የናታን እናት!»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ።

«አቤት!» አልኩ።