የሚያስተኛው መድኃኒት ከደሙ እስኪወጣ

ነርሷ በርጥብ ፋሻ የወጣቱን ከንፈር እየጠራረገች ነበር። «አሁን ደግሞ ምላስህን፤ ይቅርታ ልጄ፣ ይቀዘቅዝሃል» ትለዋለች። ከሰው ጋር ስትሆን አንገቷን ደፍታ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። ባልደረቦቿ ስሟን ትተው «ዝምታ» ይሏታል፤ «ለእኛ የነፈገችንን ወሬ ራሱን ለሳተ ሰው ታዝረከርከዋለች» እያሉም ይስቁባታል። እሷ ግን ሳይነገረው የሚነካ ሕመምተኛ የላትም፤ ከድሮም ልማዷ ነው።

ወጣቱ የጭነት መኪና ረዳት ነው፤ ከተጫነው ዕቃ ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ። አሁን ደረቱን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው የመተንፈሻ መሣሪያው ነው። ሐኪሙ አንጎሉ ሳይሞት እንዳልቀረ ቢጠረጥርም አፉን ሞልቶ አልተናገረም።

«ኧረ ቁርጡን ንገሩን!» አለ ታላቅ ወንድሙ። «እናቴ በቁሟ አለቀች እኮ!»

«የሚያስተኛውን መድኃኒት አቁመናል» አለ ሐኪሙ። «ኩላሊቱ ስለደከመ ግን ገና ከደሙ አልወጣም። መድኃኒቱ ብቻውን ያልሞተን ሰው ሞተ ሊያሰኝ ይችላል። በስህተት ከምቀብረው ስትረግሙኝ ብትከርሙ ይሻለኛል።»

እናትየው ከዚህ ሁሉ የያዙት አንዲቱን ነገር ነው። «አየሽ፣ መድኃኒቱ ነው ያስተኛው!» አሏት ነርሷን። «ባይሰማሽማ ምን አስለፈለፈሽ?»

ነርሷ ክው አለች። ደግነት ነው ያለችው ልማድ ለካ የእኒህን እናት ተስፋ ሲቀልብ ኖሯል። ልማዷ ብቻ መሆኑን ልትነግራቸው አሰበች፤ ግን ፋሻውን አርጥባ ወደ ከንፈሩ ተመለሰች።

የደም ምርመራው መድኃኒቱ መውጣቱን ሲያሳይ ሐኪሙ አንድ ሌላ ሐኪም ይዞ መጣ። ወንድምየው አላይም ብሎ ወጣ፤ እናትየው ግን ግርጌው ቆሙ። ሐኪሞቹ ዓይኑ ላይ መብራት አበሩ፤ ብሌኑን በጥጥ ጫፍ ነኩት። «ቀዝቃዛ ነው፣ አይዞህ» አለች ነርሷ፣ ሐኪሙ ዓይኑ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ለማየት የበረዶ ውሃ ጆሮው ውስጥ ሲያንቆረቁር። ዓይኑ ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ኦክስጅኑን ሳያቋርጡ መሣሪያውን ነቀሉና ደረቱን ትክ ብለው ጠበቁ። አልተነሳም። መሣሪያውን መልሰው ሁሉንም እንደገና ፈተሹ፤ ያው ነው።

ነርሷ ትራሱን ልታስተካክል ጭንቅላቱን ቀና አደረገች፤ መልሳ አስተኛችው። ምንም አላለችውም።

«ዝም አልሽው» አሉ እናትየው።

«አዎ፣ እማማ።»

«አይሰማም?»

«አይሰማም።»

እናትየው የአልጋውን ብረት ይዘው ቁልቁል ተንሸራተቱ። ነርሷ ደግፋቸው አብራቸው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ሲስተር፣ ወንድሙን ከውጭ ጥሪልኝ» አላት ሐኪሙ።

«እሺ» አለች። እናትየው የጋውኗን ጫፍ ጨብጠዋል። ወንድምየው በር ላይ ይጠብቃል፤ እሷ ግን አልተነሳችም።