የተበረገደው የምክር ክፍል በር

ተማሪዎቹ «እትዬ ቀስ» ይሏታል። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ የምክር አገልግሎት መምህርት ናት፤ የተደባደበ ሁሉ ክፍሏ ሲገባ መጀመሪያ የሚሰማው «ቀስ፣ እስቲ ተንፍስ» የሚለውን ድምጿን ነው። ዳይሬክተሩ «እኔ የማባርረውን አንቺ ታስተነፍሺዋለሽ» እያለ ይቀልድባታል።

አንድ ጠዋት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ አብራት የምትቀመጠውን ጓደኛዋን መዳፏ ላይ በኮምፓስ ወጋቻት። ሹሉ ብረት በወዲያ በኩል ብቅ አለ፤ ደብተሩም ወለሉም ደም በደም ሆነ። የተወጋችው ወደ ሐኪም ቤት ስትወሰድ፣ ወጊዋ ጥርሷን ነክሳ እትዬ ቀስ ፊት ተቀመጠች።

«ምን አድርጋሽ ነው?»

«ስታልፍ ጀርባዬን መታ አደረገችኝ። ለቀልድ ነው።»

«ታዲያ?»

ልጅቷ ዞራ ሸሚዟን ገለጥ አደረገች። ጀርባዋ በቀበቶ ተተልትሏል፤ አንዳንዱ ቁስል ገና መግል ይዟል። እትዬ ቀስ «ማነው?» ስትል፣ ልጅቷ «አባዬ» አለች።

ዳይሬክተሩ ግን ማንንም ሳይጠይቅ አባትየውን አስጠርቶት ኖሯል። በሩ በእርግጫ ተበረገደ። አባትየው ዓይኑ ደም ለብሶ፣ ቀበቶውን እጁ ላይ ጠምጥሞ ገባ።

«አዋረድሽኝ አይደል? ዛሬ ነፍስሽን አወጣዋለሁ!»

«ወንድሜ፣ ቀስ ይበሉ...»

የቀበቶው ዘለበት የእትዬ ቀስን ጉንጭ ሰነጠቀው። ልጅቷን ከኋላዋ ሸሸገቻት። ያኔ ወንበር አነሳና ትከሻዋ ላይ ከሰከሰው፤ አጥንቷ ቋ ሲል ራሷ ሰማችው። ወደቀች። ልጅቷ ከጠረጴዛው ላይ መቀስ ላፍ አድርጋ ወደ አባቷ አንገት ቃጣች።

እትዬ ቀስ በደህናው እጇ የልጅቷን ቀሚስ ጨምድዳ ያዘች። በዚያ ግቢ ጮኻ የማታውቅ ሴት ጮኸች፦ «ጣይው! በእሱ ጣጣ አንቺ አትታሰሪም!»

መቀሱ ወለሉ ላይ ተንቃጨለ። ዘበኛውና የስፖርት መምህሩ ደርሰው አባትየውን መሬት ላይ ደፈቁት።

እሱ ታሰረ፤ ልጅቷ አክስቷ ጋ ሄደች። ዳይሬክተሩ እትዬ ቀስ የተኛችበት ሐኪም ቤት መጥቶ «ያስጠራሁት እኔ ነኝ» አለ አቀርቅሮ።

«አውቃለሁ። ከእንግዲህ ወላጅ ከመጥራትዎ በፊት ልጁን ይጠይቁ።»

ትከሻዋ ወደ አንድ ወገን እንደዘመመ ሥራ ጀመረች። በመጀመሪያው ቀን የተወጋችው ልጅ መጣች። ጣቶቿ አልታጠፍ ብለዋታል።

«ሁሉም ስለ እሷ ያለቅሳል» አለች በንዴት። «እኔንስ ማን ጠየቀኝ?»

እትዬ ቀስ ወንበር ሳበችላትና አጠገቧ ተቀመጠች።