ሱፍ ፍትፍት የበላችው የወፍጮ ቤት ልጅ

የወፍጮ ድንጋይና የውኃ ድምፅ ሰምቼ ከተጋደምኩበት ቀና ስል፣ የልጅ ልጄ ሰብለ ንፋስ መውጫ ከተማ በሚገኘው ቤታቸው ቴሌቪዥን ከፍታ ፊልም ታያለች። በሕይወቴ የውኃ ወፍጮ አይቼ ባላውቅም ድምፁን አውቀዋለሁ፤ አባቴ መጽሐፍ ሲያነብልን ወፍጮው ጋ ሲደርስ በጉሮሮው እንዲሁ ያጉረመርም ነበር።

መጽሐፉ በወንዝ ዳር ወፍጮ ቤት ከአክስቷ ጋር ስለምትኖር አንዲት የሙት ልጅ የሚተርክ፣ ከፈረንጅ ቋንቋ የተመለሰ የልጆች ልብ ወለድ ሲሆን፣ ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ በነበረው ቤታችን ተጠግቶ ይኖር የነበረ አስተማሪ ነው ያዋሰን። አባቴ ገበሬ ቢሆንም የቄስ ትምህርት የተማረ ነበርና፣ ክረምት ዝናቡ ከእርሻ ሲያስቀረው ሁላችንንም ሰብስቦ ያነብልን ነበር። መኸር ሲደርስ መጽሐፉ ሣጥን ገባ፤ ገብሱ ታጭዶና ተወቅቶ ጎተራ እስኪገባ ድረስም ልጅቷ ታማ እንደተኛች ቆየችን። እናቴ እህል እያበጠረች «ያቺ ልጅ ተሻላት ይሆን?» ትል ነበር።

ንባቡ የቀጠለው በሁዳዴ ነው። ያን ዓመት ሰባት ዓመት ሞልቶኝ የመጀመሪያዬን ጾም ይዤ፣ ሳልገድፍ ፋሲካ እደርሳለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። አክስትየዋ ለታመመችው ልጅ ትኩስ ወተት በማር አድርጋ እንደሰጠቻት፣ አረፋውም ከንፈሯ ላይ እንደቀረ አባቴ አነበበ። ታላቅ ወንድሜ አፌን አየና፣ «ምራቋን ዋጠች! ጿሚዋ ገደፈች!» ብሎ ጮኸ። ጾሜ የፈረሰ መስሎኝ አለቀስኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ በጾም ወተት ወተት የምትለው ልጄን ልታስገድፋት ነው?» አለች እናቴ።

አባቴ ገጹን ትክ ብሎ አየና፣ «ቆዩ፣ ተሳስቼ ነው ያነበብኩት» አለ። «ሱፍ ፍትፍት ነው የሚለው።»

ወንድሜ ሊስቅ ሲል በዓይኑ ገሠጸው። ከዚያ ወዲያ በወፍጮ ቤቱ ወተት የሚባል ነገር አልተነሣም፤ ልጅቷ በሱፍ ፍትፍትና በተልባ ድና ተነሣች፣ እኔም ሳልገድፍ ፋሲካ ደረስኩ። በልግ ላይ አስተማሪው ተዛወረና፣ እኔ ማንበብ ሳልችል መጽሐፉን ይዞ ሄደ።

አሁን ያንኑ ታሪክ በሚያሳየው ፊልም ውስጥ ልጅቷ የወተት ኩባያ ስታነሣ አየሁና፣ «ይኸ ፊልም ተሳስቷል፤ የበላችው ሱፍ ፍትፍት ነው» አልኳት ሰብለን።

«እምዬ ደግሞ! ፈረንጅ አገር ሱፍ ፍትፍት ማን ሠርቶላት?» ብላ እየሳቀች የአማርኛውን መጽሐፍ ከስልኳ ላይ አወጣችልኝ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። ወተት ይላል፤ ማሩም አረፋውም አለ። አባቴ በንባብ ተሳሳትኩ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ቢሆንም፣ ይህን ሁሉ ዘመን አልጠረጠርኩትም።

ሰብለ ፊልሙን የሠሩት ሰዎች የልጅቷን የቀሚስ ቀለም እንኳ ከመጽሐፉ እንዳልለወጡ ነገረችኝ፤ እኔም አመንኳት። የዛሬ ልጆች ታሪኩን እንዳለ ያዩታል፣ ይኸም ጥሩ ነው። ቴሌቪዥኑ ግን ማን ፊቱ እንደተቀመጠ አያይም። አባቴ አንዱን ገጽ ጨርሶ ሌላውን ከመጀመሩ በፊት፣ ቀና ብሎ ተራ በተራ ፊታችንን ያይ ነበር።