የእትዬ እማዋይሽ የክርስትና ስም

እናቴ ዝናሽ በአያቴ ቀብር ዕለት የሠራችውን ስሕተት ለሦስት ሳምንት ለማንም አልተናገረችም። በመጨረሻ ለእኔ የነገረችኝም ወድዳ አይደለም፤ ነገር መቆፈር አመሌ ስለሆነ መውጫ መግቢያ አሳጥቻት ነው። ምግቡን ገፍታ ስትነሣ፣ ቄስ ባየች ቁጥር መንገድ ስትቀይር እያየሁ እንዴት ዝም ልበል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍትሐቱ ሊጀመር ሲል ቄሱ የሟቿን የክርስትና ስም ጠየቋት። እናቴ በለቅሶ ብዛት የምትሆነውን አታውቅም ነበርና የራሷን ስም ሰጠቻቸው። እሳቸውም ያንኑ ስም እየጠሩ ጸሎቱን አደረሱ፤ አያቴ ተቀበረች። እናቴ የሠራችው የገባት ከቀብር መልስ በር ላይ እጇን ስትታጠብ ነው።

«በቁሜ የተፈታሁት እኔ ነኝ» አለችኝ። «እናቴ ግን ስሟ እንኳ ሳይጠራ አፈር ገባች።»

በመጀመሪያው ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ሁለተኛውን ስትናገር ፊቷን አየሁና ዋጥኩት።

«ታዲያ ትክክለኛውን ንገሪያቸዋ!»

«አላውቀውማ፣ ሶሊዬ!»

ጉድ አልኩ። አያቴ እማዋይሽ እኮ ስም የምታውቅ ሴት ነበረች። ትክል ድንጋይ በምትባለው የገጠር ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምራለች፤ ያውም አንደኛ ክፍል ብቻ። ከፍ ያለ ክፍል ውሰጂ ሲሏት «ፊደል ያልለየውን ለማን ጥዬ?» እያለች ሳትወስድ ጡረታ ወጣች። ዓርብ ዓርብ በጭነት ማኪና ተሳፍራ ጎንደር ትገባለች፤ የልጇን ልብስ አጥባ፣ ጎረቤት ጠይቃ፣ እሑድ ትመለሳለች። ጡረታ ስትወጣ ደግሞ እኛን የልጅ ልጆቿን ተረከበችን። ስናጠፋ ሁላችንንም በአንድ ላይ ትቆጣናለች። ከዚያ አንዳችንን ለብቻ ጓዳ ጠርታ ከነጠላዋ ጫፍ ቆሎ ትፈታለታለች። ሁላችንም ጓዳ የምትጠራው እኔን ብቻ ነው ብለን ነበር ያደግነው። እንዲያ አለመሆኑን ያወቅነው በለቅሶው ሰሞን ስንጫወት ነው፤ እኔ በበኩሌ ትንሽ ቅር ብሎኛል።

በእኛ አገር የክርስትና ስም ሜዳ ላይ አይጣልም። ክፉ ሰው ካገኘው መተት ይሠራበታል ተብሎ ይፈራል። አያቴም ከነፍስ አባቷ በቀር የነገረችው ሰው እንዳለ አናውቅም ነበር፤ እሳቸው ደግሞ አምና ዐረፉ። እናቴ ለእኔ ከነገረችኝ ከሳምንት በኋላ እንደ ምንም ደፍራ ለቄሱ ስትናዘዝ «እግዚአብሔር ያውቃታል፣ አትጨነቂ። ለአርባዋ ግን ስሟን ፈልጊ» አሏት። ለአርባው የቀረው አሥራ አንድ ቀን ነው። እናቴ ስሙን ካላገኘች አርባውን በምን ፊቷ እንደምታወጣ አታውቅም።

የአያቴን ሳጥን የፈተሽኩት እኔ ነኝ። ከታች፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ አንድ አሮጌ የስም መጥሪያ ደብተር አገኘሁ። በየተማሪው ስም ትይዩ በቀይ እስክሪብቶ ሌላ ስም ተጽፏል፤ ገብረ እንዲህ፣ ወለተ እንዲያ። የአርባ ሁለት ልጆች የክርስትና ስም! ሁለት ጊዜ ገጽ በገጽ አገላበጥኩት፤ የእሷ የለም። ግን አስተማሪ ይህን ምን ያደርግላታል? ደግሞስ ይህን ያህል የሚፈራ ስም ለእሷ እንዴት ሰጧት? ስታስቡት፣ ከአርባ ሁለቱ አንዱ እንኳ «የአንቱስ?» ሳይላት አይቀርም። በማግስቱ ደብተሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ትክል ድንጋይ ወረድኩ።

ከዝርዝሩ ስሞች የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ስጠይቅ ሁለቱ አገር ለቀዋል፤ ሦስተኛው፣ አለኸኝ ይታየው፣ ገበያ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ይሸጣል አሉኝ። ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ጺሙ የሸበተ ገበሬ ነው። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግረው ከተቀመጠበት ተነሥቶ ትከሻዬን ሳመኝ።

«አያ አለኸኝ፣ ይህን ለምን ጻፈችው?» ብዬ ደብተሩን ዘረጋሁለት።

«ኩፍኝ በገባ ዓመት ነው፣ ልጄ። እኛ እየታመምን ስንቀር እትዬ ስማችንን ለቄስ እየሰጡ ያስጸልዩልን ነበር። ወላጅ መጀመሪያ እንቢ ብሎ ነበር፤ ኋላ ሸጋ ሰው መሆናቸውን ሲያይ ሰጠ።»

«የእሷንስ የጠየቃት ሰው አለ?»

«እኔ ጠይቄያቸዋለሁ። ‹አንቱ ቢታመሙስ ማን ያስጸልይልዎታል?› አልኳቸው። ሳቁና በጆሮዬ ነገሩኝ። ለሰው እንዳትናገር ብለውኛል።»

«እኔ እኮ የልጅ ልጇ ነኝ!»

«ብትሆኝስ?»

ጨርሶ አልነግርም አለ። ንዴቴ ሲመጣ የቀብሩን ስሕተት ዘረገፍኩለት። «ምነው!» ብሎ አፉን በጋቢው ያዘ፤ ሳቁን እየሸሸገ መሰለኝ። ቀጥሎ ግን ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ለእናትሽ ደውይልኝ።»

ስልኩን ይዞ ከበጎች ማሰሪያው ወዲያ ራቅ አለ። ጎንበስ ብሎ፣ አፉን በእጁ ከልሎ ስሙን ለእናቴ ነገራት። ተከትዬው ነበር፤ ልሰማ ግን አልቻልኩም። ስልኩን መልሶ ሲሰጠኝ «መርዶውን የቀብሩ ዕለት በጠዋት ነው የሰማሁ» አለኝ። «ማኪና አጣሁ። ቀብር እንደማልደርስ ሳውቅ ደብራችን ሄጄ ስማቸውን ለቄሶቹ ሰጠሁ። ፈቱላቸው። ይህን ለእናትሽ አንቺ ንገሪያት፤ እኔ ስታለቅስ መናገር አቃተኝ።»

ነገርኳት።

«ያን ዕለቱን?» አለች።

«ያን ዕለቱን።»

«በስንት ሰዓት? ጠይቂው።»

ጠየቅኩት። «ስድስት ሰዓት ላይ ጨርሰናል» አለ።

የቀብሩ ሰዓት ዘጠኝ ነበር። እናቴ ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለች። ትንፋሿ ሲወጣ በስልኩ ተሰማኝ።

«እንግዲያ ስሟ ተጠርቶ ነው የቀበርናት» አለች።