በእርሳስ የተጻፈው ገጽ

ሲቪል ምሕንድስና ባስተማርኩባቸው ዓመታት ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የነገርኳቸው አንድ ነገር አለ፤ የግንባታ ሥፍራ የዕለት መዝገብ በብዕር ይጻፋል። በእርሳስ የተጻፈ ይጠፋል፤ የጠፋ ደግሞ ምስክር አይሆንም። ይህን ማለቴን አልጠራጠርም፤ የድሮ ተማሪዎቼ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ እየሳቁ ይደግሙልኛል። ስጠራጠር የኖርኩት ለአንዲት ተማሪዬ ያልኳትን ነው።

ጦርነቱ ትምህርታቸውን ካቋረጠባቸው አንዷ ነበረች። እንዳ ኢየሱስ ወዳለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ስትመለስ ያለፏትን ዓመታት ለማካካስ ትቸኩል ነበር። ለተግባር ልምምድ ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ሰፈር በሚሠራ ፎቅ ላይ ተመደበች፤ ተቆጣጣሪ መምህሯ እኔ ሆንኩ። ከውጤቷ ትልቁን ክፍል የሚሰጠው ግን የሥራ ተቋራጩ ነው። አሠራራችን እንዲህ ነው፤ ጥፋት እንዲለዩ የምናስተምራቸውን ልጆች፣ ጥፋቱን በሚሠራው ሰው እናስመዝናቸዋለን።

አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ይመስለኛል፣ መዝገቡን ታቅፋ ቢሮዬ መጣች። እናቷ ወሎዬ ስለሆነች ከእኔ ጋር በአማርኛ ታወራ ነበር።

«መምህር፣ የሁለተኛውን ፎቅ ሶሌታ የደገፈውን እንጨት ነገ ሊያነሡት ነው። አርማታው ከተሞላ ገና ስምንት ቀኑ ነው፤ አልጠነከረም።»

«ለፎርማኑ ነግረሽዋል?»

«ነገርኩት። ‹ጓለይ፣ የኔ ልጅ፣ ለላይኛው ፎቅ እንጨት አንቺ ትገዢልኛለሽ?› አለኝ። ሠራተኞቹ ሳቁ። ‹ኢንጂነር፣ መጀመሪያ ሄልሜትሽ ልክሽ ይሁን› ብሎ ጨመረበት።»

«በተቋራጩ ስም ውጤትሽን የሚሞላው እሱ ነው?»

«እሱ ነው። ልጻፈው?»

ከዚህ በኋላ ያለው ይምታታብኝ ነበር። በአንዱ ትዝታዬ «ጻፊው፤ ነገ ራሴ እመጣለሁ» እላታለሁ። ይህኛው በደከመኝ ቁጥር ይመጣ ነበር፤ ስለሚያጽናናኝ አላመንኩትም። በሌላው ደግሞ «ለጊዜው በእርሳስ ያዢው» የሚል ድምፄን እሰማ ነበር። በማግሥቱ አለመሄዴን ግን በእርግጥ አውቃለሁ።

እንጨቱ ሲነሣ ሶሌታው፣ ያ የአርማታ ወለል፣ ወረደ። ከሥሩ የነበረው ከወሎ የመጣ የቀን ሠራተኛ ነው፤ «እህቴ፣ እኔ እኮ የእናትሽ አገር ሰው ነኝ» እያለ ከዳቦው ይቆርስላት የነበረ። አስከሬኑ ሲወጣ ቆማ አይታለች።

ዩኒቨርሲቲው ባቋቋመው አጣሪ ኮሚቴ ውስጥ እኔም ተቀመጥኩ። ፎርማኑ ገብቶ፣ ሟቹ እንጨቱን ያለ ትእዛዝ በራሱ እንዳነሣው፣ ልጅቱም ምንም እንዳላስጠነቀቀችው ተናገረ። መዝገቡ ተገለጠ። የዚያ ቀን ገጽ ባዶ ነበር። ወደ መስኮቱ ሲያዘነብሉት እርሳስ የተጫነበት ጭረት ይታያል፤ ቃሉ ግን አይነበብም። ማን እንዳጠፋው አልታወቀም።

«በእርሳስ መጻፍ ማን አስተማረሽ?» አላት ሰብሳቢው።

ወደ እኔ አልዞረችም። «ማንም» አለች።

ግዴታዋን ባለመወጣቷ ልምምዱን እንደወደቀች በቃለ ጉባኤው ሰፈረ። እኔም ከሌሎቹ ጋር ፈረምኩ።

ከወራት በኋላ እናቷ ጨርቅ ወደምትሸጥበት ሱቅ ሄድኩ። ልጅቱ ብቻዋን ነበረች። በርጩማ አቀረበችልኝ፤ ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ። ወደ ትምህርቷ አለመመለሷን ከምትለካው ጨርቅ ላይ ቀና ሳትል ነገረችኝ። በመጨረሻ የመጣሁበትን አወጣሁ።

«ያን ቀን ምን ነበር ያልኩሽ? እንዳትሸፋፍኚልኝ።»

መቀሱን አስቀመጠች።

«ምንም አላሉኝም፣ መምህር። መሳቢያዎን ከፍተው እርሳስ ሰጡኝ።»

ሁለቱንም ድምፆች ለወራት ስመዝን የኖርኩት በከንቱ ነበር። ያን ጊዜ አንድም ቃል አልተናገርኩም። እሷ ይህን ለኮሚቴው ልትነግር ትችል ነበር፤ እኔ ደግሞ ሳልጠየቅ መናገር ነበረብኝ።

በማግሥቱ ለኮሚቴው ደብዳቤ ጻፍኩ፣ በብዕር። እንጨቱ በፎርማኑ ትእዛዝ እንደሚነሣ አስቀድማ እንደነገረችኝ፣ ሟቹ ጥፋት እንደሌለበት፣ እርሳሱም የእኔ እንደነበረ አሰፈርኩ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ አገላብጣ አየችው።

«መምህር፣ ይሄ ፋይል እኮ ተዘግቷል።»

«አውቃለሁ። ማኅተም አድርጊበትና ተቀበዪኝ።»

ተቀበለችኝ። መልስ እስከ ዛሬ አልመጣም። ልጅቱም አሁን ድረስ ጨርቅ ትለካለች።